ፈሪውንስ ማን ቆጠረው?

ሰሞኑን ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የአሜሪካን የዜግነት ፈተና ከ10 ሰው 9ኙ ያልፋል ይላል። እውነት ነው፣ ግን ይሄ ቁጥር ለፈተና የቀረበውን ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ እንግሊዝኛውን ፈርቶ ግሪን ካርዱን እያሳደሰ የሚኖረውንስ? እናቴ ያጠናችው እንጀራ እየጋገረች ነው። ስልኳ «ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስንት ዳኞች አሉት?» ብሎ ይጠይቃል፣ እሷ ሊጡን ምጣዱ ላይ እያዞረች «ዘጠኝ ዳኞች!» ትላለች። ያኔ ከ10 ጥያቄ 6 መመለስ ይበቃ ነበር። ከኦክቶበር 20፣ 2025 ጀምሮ ያመለከተ ግን ከ20 ጥያቄ 12 መመለስ አለበት፣ የሚጠናው ጥያቄም ከ100 ወደ 128 አድጓል። በነገራችን ላይ፣ ዕድሜው 55 ሞልቶ በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ ሰው በአስተርጓሚ፣ በአማርኛ መፈተን ይችላል። እኛ ሰፈር ይህን የማያውቅ ስንት አለ መሰላችሁ።