"የ2018 እቅድሽን ላኪ" አትበሉኝ

ኧረ በፈጠራችሁ ጳጉሜንን በሰላም እንጨርሳት። ከሩፋኤል ጀምሮ የመስሪያ ቤታችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "የ2018 የግል ግብ ማቅረቢያ ቅጽ" የሚባል ነገር ተለጥፎ ሰላም አጣን። ስም፣ የስራ ክፍል፣ ግብ አንድ፣ ግብ ሁለት፣ ግብ ሶስት፣ መለኪያ፣ የሚጠናቀቅበት ቀን፣ ከታች ደሞ ፊርማ። ፊርማ እኮ ነው የምላችሁ! ለገዛ ኑሮዬ ፈርሜ የማስገባው ለማን ነው ብዬ ስጠይቅ "ለሰው ኃይል" ተባልኩ። ያልላከ ሰው ማታ ማታ ስሙ ግሩፑ ላይ ይለጠፋል፣ ልክ እንደ ውዝፍ የውሃ ቢል። የበዓሉ ፕሮግራም ቀን ደሞ እያንዳንዱ ሰው ማይክ ይዞ ግቡን ለሰራተኛው ያነባል አሉ፣ ድፎ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት።

እቅድ የምጠላ እንዳይመስላችሁ። ሒሳብ ክፍል ነው የምሰራው፣ እንጀራዬ እቅድ ነው። ሐምሌ ላይ አንዱ ክፍል "ይሄን ይሄን ልሰራ ነው" ብሎ ሲመጣ እኛ መጀመሪያ የምንለው ብሩ ከየት ነው፣ ቀጥሎ የምንለው ማን ነው የሚሰራው፣ ሁለቱን ካልመለሰ ወረቀቱን ይዞ ይመለሳል። የመስሪያ ቤት እቅድ ሲሆን እንዲህ የምናፋጥጥ ሰዎች የራሳችን ህይወት ላይ ስንደርስ ብሩንም ሰዓቱንም ሳንጠይቅ "ቤት መስራት፣ ማስተርስ መጀመር፣ አስር ኪሎ መቀነስ" ብለን እንጽፍና ላይክ እንሰበስባለን። ጭብጨባው ያልቃል፣ እቅዱም አብሮ ያልቃል።

የተላኩትን ደሞ አነበብኳቸው፣ ሁሉንም፣ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ። በቃ አንድ ሰው የጻፈው ነው የሚመስለው። እንግሊዝኛ ማሻሻል፣ በወር አንድ መጽሐፍ፣ ጂም፣ ሳይድ ቢዝነስ፣ "ከእግዚአብሔር ጋር ያለኝን ግንኙነት 100 ፐርሰንት ማሳደግ" (ይሄኛው መለኪያው ምን እንደሆነ ሰው ኃይል ይንገረን)። አንዱ ከሌላው ኮፒ ሲያደርግ የሰውየውን ሁለተኛ ግብ ሳያጠፋ ልኮት ጥበቃ ላይ ያለ ሰው "በ2018 የግዥ ሂደቱን ማዘመን" የሚል የግል ህልም ኖሮት ተገኘ። ማንም ምንም አላለም፣ አለቃችን እንዲያውም ልብ አደረገበት።

ይሄ ሁሉ ነገር የመጣው መስሪያ ቤቱ ካዘጋጀልን ስልጠና ነው። እዚህ ሀዋሳ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች አንዱ አዳራሽ ውስጥ ሰብስበውን፣ አይናችሁን ጨፍኑ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ራሳችሁን እዩ፣ ምን ለብሳችኋል፣ ምን እየነዳችሁ ነው። እኔ አይኔን ጨፍኜ ያየሁት የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ከዛ "ስማርት" (SMART) ተባልን፣ ግብ ሊያሟላቸው የሚገቡ አምስት መስፈርቶች በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደላቸው አጥረው ነው። ግብ ስማርት ካልሆነ ግብ አይደለም፣ የማይለካ ነገር ምኞት ነው ምናምን። እሺ ብዬ ቤት ገብቼ አነበብኩ። ነገሩን በፈረንጆቹ 1981 ጆርጅ ዶራን የሚባል አሜሪካዊ በአንድ የማኔጅመንት መጽሔት ላይ ነው ያወጣው፣ የጻፈውም ለካምፓኒ ስራ አስኪያጆች ነው፣ ሚስት ለሆነች፣ እናት ለሆነች፣ ጠዋት ባጃጅ ስትጋፋ ለምትውል ሰው አይደለም። ሰውየው ራሱ ሁሉም ግብ አምስቱንም መስፈርት ማሟላት አለበት አላለም፣ እንዲያውም እንደዛ እንዳይመስላችሁ ብሎ ጽፏል። ከአምስቱ አንዱ ደሞ "ማን ይሰራዋል" የሚለው ነበር። እኛ አዳራሽ ሲደርስ እሱ ወጥቶ "የሚደረስበት" በሚል ተተክቷል። የኔን ጥያቄ እኮ ነው ያወጡት! ማን ይሰራዋል? ከቀኑ 11 ሰዓት ከስራ የምትወጣው፣ አትክልት የምትገዛው፣ የቤት ስራ የምታሰራው፣ እንጀራ ሲያልቅ የምትሯሯጠው ያቺው ሴትዮ ናት እንዴ ማታ እንግሊዝኛ የምታሻሽለው?

እና ደሞ መስከረም። ከአስራ ሶስት ወር ውስጥ ብር ለመቆጠብ የማይሆን ወር ምረጡ ብትባሉ ሌላ ትመርጣላችሁ? ዶሮው ሺህ ብሩን ካለፈ ቆይቷል፣ ቅቤው አይነሳም፣ ሽንኩርቱ በዓል ሲሸተው ራሱ ነው ዋጋውን የሚጨምረው። እሱ ሳይወራረድ መመዝገቢያ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ "የዘንድሮ ጫማ ጥቁር ብቻ ነው" የሚል ወረቀት ከትምህርት ቤት። እሱ ሳያልቅ ደመራ፣ መስቀል፣ እኛ ሰፈር ደሞ ግማሹ ሰው መስቀልን አገር ቤት ሄዶ ነው የሚያከብረው፣ ባዶ እጅህን አትሄድም። በመስከረም 1 "ዘንድሮ በየወሩ እቆጥባለሁ" ብሎ የማለ ሰው መስከረም 2 ላይ የሚያስቀምጠው ምንድነው፣ የዶሮ አጥንት? ስፖርቱም ያው ነው። እንቁጣጣሽ ማግስት ሐይቁ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው መናፈሻ፣ ጠዋት ብትሄዱ አዲስ ቱታ የለበሰ ሰው መራመጃ ያሳጣችኋል፣ ከመስቀል በኋላ የሚቀሩት ድሮም የሚሮጡት ናቸው። ሰዎቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም እኮ፣ የጀመሩበት ወር ነው ያልፈቀደላቸው።

ሀዋሳ ላይ ደሞ የሚገርመኝ፣ አዲስ ዓመት እንደሆነ አንድ ብቻ አይደለም ያለን። እንቁጣጣሽ አለ፣ ወደ መስከረም አጋማሽ ስንሄድ የወላይታ ጎረቤቶቻችን ጊፋታ አለ፣ ኤንጂኦ የሚሰሩት በጃንዋሪ "ኒው ይር ኒው ሚ" ይላሉ፣ ከዛ የሲዳማ አዲስ ዓመት ፍቼ ጫምባላላ፣ ከዛ ሐምሌ 1 የበጀት ዓመቱ። አንዱ ላይ ያልጀመረ ሰው ቀጣዩን መጠበቅ ነው። ባለቤቴ ሲጋራ የሚያቆመው ከነዚህ በአንዱ ነው፣ የትኛው እንደሆነ ገና አልተወሰነም።

ስለ ፍቼ ካነሳሁ አይቀር ልናገር። ቀኑ በካላንደር አይቆረጥም፣ አያንቶዎቹ፣ የሲዳማ ሰማይ አንባቢ ሽማግሌዎች፣ ጨረቃውንና ኮከቡን አይተው ነው የሚያውጁት፣ በፈረንጆቹ 2015 ዩኔስኮም መዝግቦታል። በበዓሉ የጎሳ መሪዎቹ ህዝቡን ሲመክሩ ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ? ጠንክራችሁ ስሩ፣ ታላላቆቻችሁን አክብሩ፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ፣ በሐሰት አትመስክሩ፣ አትስረቁ። በቃ። "ከአምስት ዓመት በኋላ ምን እየነዳችሁ ነው" የለም። ቅጽም ፊርማም የለም፣ ግን ዛፉን ከቆረጥክ ሰፈሩ ያያል። እኔ ይሄን ከማንኛውም የሆቴል ስልጠና እመርጣለሁ።

እቁብም እንደዛው ነው። እማዬ በህይወቷ "ጎል" የሚል ቃል አልተናገረችም፣ ግን ቤቷን ያደሰችው፣ እኔን ያስተማረችው በእቁብ ነው። ደብተሩ አሁንም አለ፣ ሽፋኑ በፕላስቲክ የተጠቀለለ፣ ውስጡ በየስሙ ትይዩ የምልክት መዓት፣ አንድ ቦታ ላይ ምልክቱ ቀርቶ በቀይ "ታማ ነው፣ ለቅዳሜ" ተብሎ ተጽፏል። ገባችሁ? መጠኑ ይታወቃል፣ ቀኑ ይታወቃል፣ ካልመጣሽ በር የሚያንኳኳ ዳኛ አለ፣ ከታመምሽ ደሞ ቅዳሜ የሚጠብቅ ሰው አለ። የኛ ቅጽ "ታማ ነው" የሚል ቦታ የለውም።

እና የኔ ግብ ምንድነው? ስልጠናው ቀን ተጠይቄ ተናግሬ ነበር። ሲዳምኛ መማር እፈልጋለሁ አልኩ። ተወልጄ ያደግኩት ሀዋሳ ነው፣ ገበያው፣ መንገዱ፣ ጎረቤቱ ይናገረዋል፣ ልጄ ትምህርት ቤት ይማረዋል፣ እኔ ከሰላምታ አላልፍም። ጎረቤታችን ያሉት እናት አማርኛቸው እንደኔ ሲዳምኛ ነው፣ በአጥር ላይ ተሳስቀን ነው የምንለያየው። ያለፈው ፍቼ ጠርተውን ቡርሳሜው (ከእንሰትና ከቅቤ የሚሰራው የበዓል ምግብ) በትልቁ ሻፌታ፣ በባህላዊው ገበታ፣ ቀርቦ ዙሪያውን ተቀምጠን፣ እሳቸው እጄን ይዘው ረጅም ነገር ነገሩኝ፣ ረጅም፣ ቤቱ ሁሉ አንዴ ሳቀ አንዴ ዝም አለ፣ ከዛ ልጄ ዞር ብሎ "ጎበዝ ነሽ አሉሽ" አለኝ። ያን ሁሉ ተናግረው "ጎበዝ ነሽ" ብቻ? የቀረው የት ሄደ? እስካሁን ይከነክነኛል።

አሰልጣኙ ምን አለ? "አሪፍ ነው፣ ግን ለካሪየርሽ ምን ይጨምራል? በቁጥር አስቀምጪው።" አለቃችን ደሞ "እንግሊዝኛ ብታደርጊው አይሻልም?" አለ፣ እንደ ቀልድ፣ ሰው ሳቀ። በቁጥር ምን ብዬ ላስቀምጠው? የጎረቤቴን ሳቅ 75 ፐርሰንት መረዳት እስከ ሰኔ 30?

ጎልዊትዘር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በፈረንጆቹ 2009 ያወጣው ጥናት ደሞ አለ፣ ሰው "እንዲህ አይነት ሰው መሆን እፈልጋለሁ" የሚለው ሐሳቡ በሌሎች ከታወቀለት በኋላ ለዛ ነገር የሚሰራው ይቀንሳል ይላል፣ የታወቀለት ራሱ ግማሽ መንገድ የሄደ ያህል እንዲሰማው ስለሚያደርግ። ስለዚህ ይሄን ለእናንተ ስነግራችሁ ግቤን ራሴው እያደናቀፍኩት ነው ማለት ነው፣ ይሁን፣ ማይክ ይዤ ለሰራተኛው ከማነብ ይሻላል።

ቅጹን አልልክም። ታግ አድርጉኝ። ብሩን አስልቼ ጨርሻለሁ፣ ከመስከረም አይወጣም፣ ጥቅምት ደመወዝ ላይ ነው የምጀምረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን ባለቤቴ ይይዛል ተስማምተናል (ይሄኛው በጽሁፍ ነው፣ አስፈርሜዋለሁ)። ሀዋሳ ውስጥ፣ ቢቻል አቶቴ ሰፈር አካባቢ፣ ለትልቅ ሰው ሲዳምኛ የምታስተምሩ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ዋጋውንም እዛው ጻፉት። "ዋጋ በውስጥ መስመር" የሚል ሰው ካለ ግን አይድከም፣ እሱ ለብቻው ሌላ ብሶት ነው፣ በዓሉ ይለፍና እመለስበታለሁ።