ማስተካከያ፦ የጆን ካዛል ፊልሞችና ኦስካር

ስለ አሜሪካዊው የመድረክና የፊልም ተዋናይ ጆን ካዛል ቀደም ሲል ባቀረብኩት ጽሑፍ፣ በሕይወት ሳለ የተወነባቸው አምስቱም ረጃጅም ፊልሞች በምርጥ ፊልም ዘርፍ ኦስካር እንዳሸነፉ መግለጼ ስሕተት ነው። የሸላሚው አካዳሚ መዝገብ እንደሚያሳየው አምስቱም ታጭተዋል፤ ያሸነፉት ግን «ዘ ጎድፋዘር»፣ የዚሁ ፊልም ክፍል ሁለት እና «ዘ ዲር ኸንተር» ብቻ ናቸው። «ዶግ ዴይ አፍተርኑን» በዚህ ዘርፍ ሳይሸለም ቀርቷል፤ «ዘ ኮንቨርሴሽን» ደግሞ የተሸነፈው ካዛል ፍሬዶን ሆኖ በተጫወተበት በ«ጎድፋዘር» ክፍል ሁለት ሲሆን፣ የሁለቱም ዳይሬክተር ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ አስደናቂ ያደርገዋል።

ስሕተቱ ካዛል ራሱ ኦስካር የተቀበለ አስመስሎም ነበር። እርሱ ግን አንድም ጊዜ አልታጨም፤ ትልቅ ክብር ያገኘው ከመድረክ ነው፤ ከአል ፓቺኖ ጋር ለተወነበት ቴአትር በ1968 እ.ኤ.አ. ከብሮድዌይ ውጪ ላሉ ቴአትሮች የሚሰጠውን የኦቢ ሽልማት ተቀብሏል። በማርች 1978 በ42 ዓመቱ በሳንባ ካንሰር ስላረፈም፣ «ዘ ዲር ኸንተር» ለዕይታ ሲበቃ በሕይወት አልነበረም።

የቀድሞውን ጽሑፍ ያጋራችሁ አንባቢያን ይህን ማስተካከያ አብራችሁ እንድታያይዙልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።