ጎርፍ ይውሰደው?

ደሴ ላይ ሰዉ ዝናብ ጠብቆ ቆሻሻውን ቦይ ውስጥ ይለቃል። "ጎርፍ ይውሰደው" ይላል። የት ነው የሚወስደው? ቦርከና ወንዝ ነዋ! ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ከሚሴ። ታች ያለው ገበሬ በዚያ ውኃ ከብት ያጠጣል፣ ሽንኩርት ያለማል። ሽንኩርቱን ገዝተን የምንበላው እኛው ነን።

መለየትማ ጭራሽ አይታሰብም። የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የተሰበረ ብርጭቆ፣ ሁሉም አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ይታጨቃል። ብርጭቆው የቆሻሻ አንሺዎቹን እጅ ሲቆርጥ ማን አየ? ያሳዝናል። ሃይላንዱን እንኳ ለብቻው ብናስቀምጥ ቆራሌው ይወስደው ነበር። ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል፤ ቦዩ ግን ፌስታል እንደጎረሰ ነው።

ጎረቤት ብትናገር "ምን አገባህ?" ነው መልሱ። ያገባኛል! ቦዩ ሲደፈን ጎርፉ የሚገባው እኔ ቤት ነው።