ዳውላውን የመምታት ጥበብ

አባቶች «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እያሉ የነቀፉት፣ አገራችን በብሔራዊ ፈተና ማሻሻያ የደረሰችበትን ደረጃ ስላላዩ መሆን አለበት። ዛሬ ዳውላን በዕቅድ መምታት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል፤ ባለሙያዎቹም ምስጋና ይገባቸዋል።

በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ሲሰራጭ ፈተናው ተሰረዘ፤ በድጋሚ ሲሰጥም ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘጋ። አንድ ሣጥን ወረቀት መቆለፍ የተሳነው መንግሥት አገር መቆለፍ እንዳልከበደው ሳያደንቁ ማለፍ ንፉግነት ነው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የአንዳንድ ትምህርቶች ውጤት አጠራጣሪ ሆኖ ሲገኝ፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ በአራት ትምህርቶች ብቻ እንዲሰላ ተደረገ፤ የቀሩትን ሌሊቱን ሙሉ ያጠና ተማሪም ዕውቀትን ለዕውቀትነቱ ብቻ የመውደድ ዕድል አገኘ።

የሙያው ከፍታ ግን የታየው በጥቅምት 2015 ነው። ተፈታኞች ከየወረዳቸው ተጓጉዘው፣ ስልካቸውን ትተው፣ ተፈትሸው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንዲፈተኑ ሲደረግ ኩረጃ መላወሻ አጣ (ይህ እንኳ ያለ ሽሙጥ የሚመሰገን ነው)፤ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውም ታወቀ። በተከታዩ ፈተና 3.2 በመቶ ሆነ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶችም አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ቀሩ። ልጆቻችን አለመማራቸውን እንዲህ ባለ ጥንቃቄ፣ ያለ አንዳች ስርቆት ያረጋገጠ ሥርዓት መቼም በቀላሉ አይገኝም።

በዚሁ መካከል አሥራ ሁለት ዓመት ያልበቃውን ትምህርት በጥቂት ወራት የሚያካክስ «ሬሚዲያል» መጣ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ፈተናው በከፊል በበይነ መረብ ተሰጠ፤ መብራት በሌለበት ትምህርት ቤት ለተማረው ልጅ ይህ ከኮምፒዩተር ጋር የመተዋወቂያ ሥነ ሥርዓት ጭምር ነበር። በ2017 ዓ.ም. ያለፉት 8.4 በመቶ ሲደርሱ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ተባባልን፤ ከ91 በመቶ በላይ የሚሆኑት የወደቁ ልጆች ደስታችንን እንዳያደበዝዙብን በጨዋ ደንብ አላነሣናቸውም።

የፊዚክስ መምህር የለንም፣ ቤተ ሙከራችን መጋዘን ሆኗል፣ መጽሐፍ ለሦስት እንካፈላለን የምትሉ ትምህርት ቤቶች ካላችሁ ግን አቤቱታችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፤ አግባብነቱ ተመርምሮ ለሚቀጥለው ዓመት የፈተና ጥበቃ ኮሚቴ ይመራላችኋል።