«ስኖርክል ተካቷል» እያላችሁ ሰው አታስደንግጡ!

ኧረ በፈጠራችሁ! የዛንዚባር ጉዞ የምትሸጡ ሁሉ እስቲ አንዴ ስሙን። ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ያለ ሰው ዕቁቡን ጠብቆ፣ ለጫጉላም ይሁን ለዕረፍት ብሎ ብሩን ያወጣል። ማስታወቂያችሁ ላይ አልጋው፣ ቁርሱ፣ የኤርፖርት መቀበያው አንድ በአንድ ይዘረዘራል። ባሕሩ ጋ ሲደረስ ግን «ስኖርክል ተካቷል» ብቻ! ስኖርክል ማለት ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍን ባለ መስታወት ማስክ አጥልቆ፣ መተንፈሻ ቱቦ አፍ ውስጥ ይዞ፣ ፊትን ነክሮ እየተንሳፈፉ የባሕሩን ውስጥ ማየት ነው። እንዴት እንደሚተነፈስ የሚነግረው የለም። ጀልባው ሪፉ (ውኃው ሥር ያለው የኮራል ቋጥኝ) ላይ ይቆማል፣ ሰውየው ፊቱን ውኃ ውስጥ ይነክራል፣ ሠላሳ ሰከንድ ሳይሞላ ማስኩን መንጭቆ ያወልቅና መሰላሉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አገሩ ሲመለስ «ባሕር ለኛ አይሆንም» ይላል። ባሕሩ ምን አደረገ?

የሚሆነው እንዲህ ነው። ማስኩ አፍንጫን ስለሚዘጋ ትንፋሹ በሙሉ በአፍ ነው። ዕድሜ ልኩን በአፍንጫው የተነፈሰ ሰው ግን ፊቱን ውኃ ሲነካው በአፍንጫው ይስባል፤ ማስኩ ጥብቅ ይልበትና ይደነግጣል። ሲደነግጥ ቶሎ ቶሎ፣ አጠር አጠር አድርጎ ይተነፍሳል። ቱቦው 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በአጭር ትንፋሽ የወጣው አየር ጠቅልሎ ሳይወጣ ቱቦው ውስጥ ይቀርና ያንኑ መልሶ ይስበዋል። የታፈነ የሚመስለው ለዚህ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ሰው ባሕር ዳር አየር አያንሰውም፤ እንዲያውም እዚያ አየሩ ይበረክታል። ቀስ ብሎ በረጅሙ መሳብ፣ በረጅሙ ማስወጣት፣ በቃ።

ይህን ለመልመድ ደግሞ ዛንዚባር መሄድ አያስፈልግም! ውኃው ደረት የሚደርስበት ገንዳ ይበቃል። የሚያይ ሰው አጠገብ አቁሞ፣ የገንዳውን ጠርዝ ይዞ፣ ፊትን ብቻ ነክሮ አምስት ደቂቃ መተንፈስ። ቀጥሎ እጅን ለቆ መንሳፈፍ። ከዚያ ሆን ብሎ ቱቦው ውስጥ ውኃ ማስገባትና አንዴ በኃይል «ቱፍ» አድርጎ ማስወጣት። ማስኩንም ገርበብ አድርጎ ትንሽ ውኃ ማስገባት፤ የላይኛውን ጠርዝ ግንባር ላይ በጣት ተጭኖ፣ ቀና ብሎ፣ በአፍንጫ እፍ ሲሉት ውኃው በታች በኩል ይወጣል። ማስክ ውስጥ ውኃ ሲገባ የማይደነግጥ ሰው ከፍርሃቱ ግማሹን ጨርሷል።

ሱቅ ውስጥ «የዋና መነጽርም ያው ነው» የምትሉም ተዉ፣ ያው አይደለም! የዋና መነጽር ዓይንን ብቻ ይሸፍናል፣ አፍንጫው ውጭ ይቀራል። ማስክ ሲመረጥ ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊት ላይ ገጥሞ፣ በአፍንጫ ትንሽ ስቦ፣ ትንፋሽን ይዞ እጅን መልቀቅ ነው። ካልወደቀ ልኩ ነው፣ ከወደቀ ሌላ ይሞከር። ጀልባ ላይ ከሳጥን እየተነሣ የሚታደለውን ይህን ሳያደርጉ ማጥለቅ ጦሱ ብዙ ነው። ውኃ ሲገባ ደግሞ ሁሉም ማሰሪያውን ያጠብቃል። ሲጠብቅ ሲሊኮኑ (ፊት ላይ የሚያርፈው ለስላሳው የማስኩ ጠርዝ) ይጨማደድና ይብስበታል! አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ፀጉር ነው። ሹሩባ የተሠራች ልጅ ከግንባሯ ዳር የወረደች አንዲት ቀጭን ጉንጉን በሲሊኮኑ ሥር ካለፈች፣ በእሷ በኩል ውኃው እየተንጠባጠበ ሲገባ ይውላል። ጉንጉኗን ወደ ኋላ መሳብ ነው መድኃኒቱ። የወንዱ ሪዝም እንደዚያው ነው። ግንባር ላይ የተቀቡት የፀሐይ መከላከያ ቅባት ደግሞ ወደ መስታወቱ ወርዶ ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ ለፊት በልኩ፣ ለጀርባ ግን እጅጌ ረጅም ቲሸርት። «ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አያቃጥለውም» የሚባለው ውሸት ነው፤ ፀሐይ ላይ ተንሳፍፎ የቆየ ሰው ጀርባው ሊላጥ ይችላል።

ስለ ሰዓቱም ማንም አይናገርም። እዚያ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ በመሙላትና በመጉደሉ መካከል ስድስት ሰዓት ገደማ አለ፣ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ውኃው ሩቅ ሄዶ አሸዋውና የባሕር ጃርቱ ይቀራል። ሰሜን ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ በዚህ ይሻላሉ። ታዲያ ምነው ፓጄ አልጋ ስትይዙለት ይህን ብትነግሩት? ጀልበኛው «ሳ ታቱ» ካለ ደግሞ የኛው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ ስዋሂሊም እንደኛ ከንጋት ነው የሚቆጥረው። የእናንተ ወረቀት ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር «9:00» ተብሎ የተጻፈውን በኛ ሰዓት ዘጠኝ ብሎ ያነበበ ጀልባው ያመልጠዋል።

«የምኔምባ ደሴት ጉብኝት» የምትሉትም ያሳዝናል። ደሴቷ የግል ማረፊያ ናት፤ በቀን ጉዞ የሄደ ሰው አይወርድባትም። የሚጎበኘው ዙሪያዋ ያለው ሪፍ ነው፣ እሱም በራሱ ይበቃል። እውነቱን ብትናገሩ ማን ይቀራል? ኮራሉ ላይ መቆም እንደማይፈቀድም ንገሩት። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው እንስሳ ነው፤ አንዳንዱ ዝርያ በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ አያድግም። የደከመው ሰው በጀርባው ተገልብጦ ይረፍ። ፊን (እግር ላይ የሚጠለቀውን መቅዘፊያ) ሲያደርግም ብስክሌት እንደሚነዳ ጉልበቱን አያጥፍ፣ ከዳሌው ቀስ አድርጎ ይምታ።

በከተማው ዙሪያ ገንዳ ያላችሁ ወገኖች፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ገንዳችሁ ባዶውን ነው የሚውለው። ለእነዚህ ሰዎች አንድ ሰዓት ክፈቱላቸው፣ ማስክ ይዞ የመጣውንም ከበር አትመልሱ። አዲስ ማስክ የገዛችሁ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት የመስታወቱን ውስጥ ጄል ባልሆነ ነጭ የጥርስ ሳሙና በጣት ሁለት ሦስት ጊዜ አሽታችሁ እጠቡት። ከፋብሪካው ይዞት የመጣው ስስ ሽፋን ካልለቀቀ፣ ጉም እንዳይሠራ ብላችሁ ምራቅ ብትቀቡትም መሥራቱ አይቀርም።