እርማት፦ ጃ ሞራንት ዝውውርን የመከልከል መብት የለውም

ስለ አሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) ተጫዋቹ ጃ ሞራንት «ቡድኑ ሜምፊስ ለሌላ ቡድን መስጠት ቢፈልግም ተጫዋቹ ካልተስማማ አይችልም» የሚሉ ወገኖች በዝተዋል። ግምቱ ከእግር ኳስ የመጣ ይመስለኛል፤ እዚያ ተጫዋቹ ከአዲሱ ክለብ ጋር ካልፈረመ ዝውውሩ አይጸናም። በኤንቢኤ ግን ውሉ ራሱ ከተጫዋቹ ጋር ወደ አዲሱ ቡድን ይሻገራል።

ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር የመከልከል መብት የሚኖረው በውሉ ላይ ከተጻፈ ነው። ለማስጻፍ ደግሞ በሊጉ ቢያንስ 8 ዓመት፣ ለዚያው ቡድን ደግሞ 4 ዓመት መጫወት ያስፈልጋል። በ2019 ሊጉን የተቀላቀለው ሞራንት ትልቁን ውል በ2022 ሲፈርም ገና ሦስት የውድድር ዘመን ብቻ ነበር የተጫወተው። ሌላው የሊጉ ተጫዋች ብራድሊ ቢል ግን በዋሽንግተን ለአሥር ዓመት ቆይቶ በ2022 መብቱን አስጽፏል፤ በ2023 ወደ ፊኒክስ ሲዛወርም ተጠቅሞበታል። ጥርጣሬ ያለው ሰው የሊጉንና የተጫዋቾች ማኅበሩን የጋራ ስምምነት ከማኅበሩ ድረ ገጽ አውርዶ አንቀጹን ማንበብ ይችላል።

ስህተቱ ቀላል አይደለም። ሞራንት ሽጉጥ ይዞ በቪዲዮ በመታየቱ በ2023 መጀመሪያ 8፣ ቀጥሎም 25 ጨዋታ ሲታገድ ሜምፊስ ያቆየው እጁ ታስሮ ሳይሆን ፈልጎ ነው። እኔ ደግ አደረጉ ባይ ነኝ፤ ተሳስተዋል የሚልም ወቀሳውን ለቡድኑ አመራር ያቅርብ።