ለወፍጮ ቤታችን ጭስ ማውጫ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ መንገድ ዘግተህ ለምትዝገው
ጉዳዩ፦ ክርንህን እንድትሰበስብ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። አንተማ ጤና ነህ፤ ተፈንክቼ የምጽፍልህ እኔ ነኝ። ለፋሲካ አገር ቤት ገብቼ፣ በጨለማ ከጎረቤት ስመለስ፣ ከግድግዳው ወጥተህ ወደ ሰማይ በምትታጠፍበት በዚያ ክርንህ ግንባሬን ገጨኸኝ። ሥራ ከፈታህ ስንት ዓመትህ ነው? ሞተሩ ተነቅሎ ተሽጧል። ናፍታው ቀርቷል። አንተ ግን እንደ ተሻረ ሹም በሩ ላይ ቆመህ እጅ እንድንነሳህ ትጠብቃለህ።

ድሮስ መቼ እንቅልፍ ሰጥተኸን ታውቃለህ? ባለ ወፍጮው ጋሼ ጎህ ሳይቀድ የማስነሻ እጀታውን፣ ማኖቬላውን፣ ይዘው ሊስተር ከሚባለው የናፍታ ሞተር ጋር ሲታገሉ እኛ ብርድ ልብሱን እላያችን ላይ እንስብ ነበር። ሁለት ሦስቴ ያስነጥስሃል። ከዚያ ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክቱክቱክ። አሁን ካደግኩ በኋላ አስልቼዋለሁ፦ ባለ 6 የፈረስ ጉልበቱ ሊስተር በደቂቃ 650 ጊዜ ይዞራል፣ በየሁለት ዙሩ አንዴ ይተኩሳል፤ ስለዚህ በደቂቃ 325 ጊዜ ጆሮዬ ላይ ተኩሰሃል። በሰዓት 19,500። የሰርግ ከበሮ እንኳ ለምሳ ያርፋል።

ይህም አልበቃህም፣ አፍህ ላይ የመርቲ ቆርቆሮ በሽቦ ታሰረልህና ማፏጨት ጀመርክ። ወፍጮው መነሳቱ ከወንዝ ማዶ እንዲሰማ ነው አሉ። እውነትም ተሰማ፤ ፉጨትህን ሰምታ ሳትነዳ መንገድ የምትጀምር አህያ ነበረች። እማዬ ያሰጣችው ነጭ ነጠላ ላይ ደግሞ ጥላሸትህን ጠብ ጠብ ታደርግበታለህ፣ ጥለቱ ያነሰ መስሎህ።

አብራኝ እንድትረግምህ ለምኛት እምቢ ያለችኝ አያቴ ብቻ ናት። እሷ በሌሊት እየተነሳች፣ ተንበርክካ፣ በመጅ ስትፈጭ የኖረች ሴት ናት፤ በመዳፏ ስትዳስሰኝ ቆዳዋ ይቧጥጠኝ ነበር። አንተ መጮህ ስትጀምር ታማትብና ወደ ግድግዳው ዞራ ትተኛለች። ከቤታችን በአንተ ጩኸት እንቅልፍ የሚወስዳት እሷ ብቻ ነበረች።

እና ግንባሬን ይዤ ጋሼን «ኧረ ይነቀል» ብላቸው፣ «ቅርስ ነው!» አሉኝ። ቅርስ? ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978፣ አክሱም በ1980 ዩኔስኮ ሲመዘገቡ አንተ የት ነበርክ? (እርግጥ ነው፣ ሥራ ላይ ነበርክ።) ደግሞ እንዳትሰማ እንጂ እንግሊዞች፣ ያን ሞተር ዳርስሊ በምትባል ከተማቸው ሲሠሩ የኖሩት፣ ዛሬ በእረፍት ቀናቸው ሜዳ ላይ ተሰብስበው አሮጌ ሞተር እያስነሱ ቱክቱኩን ቆመው ያዳምጣሉ። በፈቃዳቸው! እኛ በግዴታ የሰማነውን።

አዲሱ በስሪ ፌዝ መብራት የሚሠራው ሞተር ጨዋ ነው። አይጮኽም፣ አያጨስም። በተለይ መብራት ሲጠፋ ድምፁም አይሰማ። የበዓሉ ሰሞን ወፍጮ ቤት ደጃፍ 11 ሰው ጆንያውን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር፤ ጤፉ አልተፈጨ፣ ሊጥ አልተቦካ፣ መብራት «መጣች፣ ሄደች» እየተባለ። አንዷ እናት ቀና ብላ አንተን አየችህና ከንፈሯን መጠጠች። ከዚያ ሌላዋ። ከዚያ ሁሉም። አንተም ትንሽ ኮራ ያልክ መሰለኝ፣ ወይ ነፋሱ ነው ቆርቆሮህን ያንቀሳቀሰው።

ለማንኛውም እስከ እንቁጣጣሽ ክርንህን እንድትሰበስብ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ግንባሩ ያበጠው የሰፈርህ ልጅ

ግልባጭ፦
ለባለ ወፍጮው ጋሼ
ለመንገዱ፣ ፋኖስ እንዲሰቀልበት
መርቲ ቆርቆሮው ውስጥ ጎጆ ለሠራችው ድንቢጥ (ጫጩቶቿ እስኪበሩ ድረስ ከላይ የተጠየቀው እንዲዘገይላት)